ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ፣ ያረጀ ፒካፕ ከሩቅ ሆኖ መግዛት

ወደ ውጭ አገር እንኳን ደህና መጣችሁ። የባንክ ሂሳብ እንዴት እንደሚከፈት፣ መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ፣ የክረምት ካፖርት የት እንደሚረክስ የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፈው ከወሎ የመጣ ሰው ደሞዝ መቀበል ሲጀምር ስለሚመጣበት ጥያቄ ነው። ስልክ ይደወላል። ወንድም ነው፣ ወይ አጎት። ሰላምታው ይረዝማል፣ የጎረቤቱ ሁሉ ደህንነት ይነገራል፣ ከዚያ ዝግ ብሎ፣ «አንዲት ፒካፕ ብትኖረን እኮ» ይላል።

ጥያቄው ቅንጦት አይደለም። የደሴን ዙሪያ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኩታበር፣ ተሁለደሬ፣ ቃሉ፣ ወረኢሉ ሁሉም ዳገትና ኮረኮንች ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ በግ ይወርዳል፣ ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ይጫናል፣ የታመመ ሰው ሌሊት ደሴ ሆስፒታል ይደርሳል። ፒካፕ ያለው ቤት ሥራ አያጣም። ስለዚህ አቅም ካላችሁ አድርጉት እላለሁ። ግን የቤት ኪራያችሁ ሳይደላደል፣ በክሬዲት ካርድ ወይም በብድር አይሁን። ቤተሰብ ስድስት ወር ቢጠብቅ መኪናው አይጠፋም፤ እዚህ የተበላሸ የብድር ታሪክ ግን ዓመታት ይከተላችኋል።

ብዙ አዲስ መጪ መጀመሪያ የሚያስበው ከዚህ ገዝቶ መላክን ነው። እዚህ በመንገድ ዳር «ለሽያጭ» የተለጠፈበት አሮጌ ፒካፕ ዋጋው ያጓጓል። ተዉት። መጀመሪያ ነገር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል። ከዚያም በፊት ቢሆን በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ግብሩ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እንዲከብድ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሚያልቀው አገር ቤት ካሉት መኪናዎች መካከል መርጦ በመግዛት ነው። ዋጋውን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ። እዚህ መኪና በየዓመቱ ይረክሳል፤ እዚያ ሃያ ዓመት የሞላው ሃይሉክስ ዛሬም ተፈላጊ ነው። ደላላው ሊያታልላችሁ ነው ብላችሁ አትቆጡ፤ ገበያው እንደዚያ ነው።

ከዋጋ በፊት ግን አንድ ነገር ወስኑ፦ መኪናው በማን ስም ይሁን? ብዙ ሰው «ገንዘቡ የኔ ስለሆነ በኔ ስም» ይላል። እኔ የምመክረው በሚነዳውና በሚሠራበት ሰው ስም ነው። ምክንያቱ ፍቅር ብቻ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፣ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ። እናንተ እዚህ ፈረቃ ላይ ሆናችሁ ሐርቡ ላይ ለደረሰ አደጋ በስማችሁ ልትከሰሱ ትችላላችሁ። በስማችሁ ካልሆነ ደግሞ የኤምባሲ ጣጣውም ይቀራል፤ ገንዘቡን መላክ ብቻ ነው።

የለም፣ በስሜ ይሁን ካላችሁ፣ ለምታምኑት ሰው ውክልና ትሰጣላችሁ። በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ቃላቱን አንብቡ። ተዘጋጅቶ የሚሰጠው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ» የሚሉትንም ይጨምራል። እናንተ የምትፈልጉት እንዲገዛ፣ በስማችሁ እንዲያዞር፣ ሰሌዳ እንዲያወጣ፣ ኢንሹራንስ እንዲያስገባና ዓመታዊ ምርመራ እንዲያስደርግ ነው። የቀረውን አስወጡት። የምትወክሉት ሰው ወንድማችሁ ቢሆንም እንኳ አስወጡት፤ በኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ የሚጠብቀው እሱንም ጭምር ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ለደሴ አየርና ለደሴ ጋራዥ የሚሆነው ቀላሉ ነው። የቀድሞዎቹ ሃይሉክሶች፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የሚባለው ናፍጣ ሞተር ያለባቸው፣ ተርቦ የላቸውም፣ ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር አይፈልጉም። መለዋወጫው ኮምቦልቻም ደሴም አይጠፋም፣ ሥራውን የማያውቅ መካኒክም የለም። አዲሶቹ ዲፎርዲ የሚባሉት ጉልበታም ናቸው፤ ግን ኖዝላቸው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ቆሻሻ ናፍጣ አይችልም፣ ሲበላሹም ወጪው ከባድ ነው። ነጠላ ጋቢና ወይስ ደብል ጋቢና? ለሥራ ከሆነ ነጠላ ጋቢና ይሻላል፣ ብዙ ይጭናል። ቤተሰብ ሁልጊዜ ደብል ጋቢና ይወዳል። ለሠርግም ለለቅሶም ሰው ስለሚይዝ ጥፋት የለውም፤ ብቻ ዋጋው ከፍ ይላል።

መኪናውን የሚያይ መካኒክ የራሳችሁ ይሁን። ደላላው ያመጣው፣ የሻጩ ጎረቤት የሆነ፣ «አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ነው» የተባለ አይሁን። የሚቻል ከሆነ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ መኪናው ወደሚገዛበት አዲስ አበባ ይዞ መሄድ ነው። መኪናውን ወደፊት የሚጠግነው ሰው ዛሬ ሲያየው በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። የአውቶቡስና የአበል ወጪው ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

የኛን ስንገዛ ወንድሜና መካኒኩ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻጩ ግቢ ገቡ፤ እኔ በቪዲዮ ሆኜ አያለሁ። መካኒኩ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ሰላምታ እንደሰጠ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። «ደህና፣ አላሞቁትም» አለ። ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ሞቆ የቆየ ናፍጣ ሞተር ሁሉ በአንድ ቁልፍ ይነሣል፤ ችግሩ የሚታወቀው አድሮ ሲነሣ ነው። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ፣ ጣቱን ነክሮ አየ። ውሃው ላይ ዘይት ቢንሳፈፍ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተሰንጥቋል ማለት ነው። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሸተተ። ሞተሩ ሲነሣ የዘይት መሙያውን ክዳን ገለበጠና ቀዳዳው ላይ እንዲሁ አስቀመጠው። ክዳኑ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተወረወረም፣ ጭስም ገፍቶ አልወጣም። «ፒስተኑ ደህና ነው፣ አብሽሪ» አለኝ ወደ ስልኩ ዞሮ።

ጭሱን እንዲህ አንብቡት። ሲነሣ ጥቂት ነጭ ጭስ አውጥቶ ከጠራ ብርድ ነው። ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፣ ተዉት። ጥቁር ከሆነ ከኖዝል ወይም ከፖምፓ ሊሆን ይችላል፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ተርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ቢያጨስ አትደንግጡ። ኪሎ ሜትሩን አትመኑት፣ ቁጥሩ በቀላሉ ይመለሳል። ፔዳሎቹን እዩ፤ ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ከወጣ መኪናው የሠራውን ያህል ሠርቷል። ከሥር ተንበርክካችሁ ሻንሲውን፣ መኪናውን የተሸከመውን ብረት፣ እዩ፣ የተበየደ ቦታ ካለ ጠይቁ። ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ላይ የተጨመረ ቅጠል ካለ ከአቅሙ በላይ ይጫን ነበር። በሩ ላይ ስቶኮ ከተለሰነ ማግኔት አይዝም።

ከጨረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ፒካፖች ዋጋቸው ሊስብ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ፀሐይና ዝናብ ላይ ስለሚቆሙ ጎማው፣ ባትሪውና የፍሬኑ ላስቲክ ሁሉ ይቀየራል ብላችሁ አስቡ።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይበልጥ ያስፈራኛል። የተበላሸ ሞተር ይጠገናል። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይን ማየት፣ ፎቶም ማንሣት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከባለቤቱ እጅ የወጣ መኪና ስላለ፣ በተለይ ለወሎ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የጎረቤትን መኪና ሳያውቁ ገዝቶ መመለስም አለ። ከዚያ ፋይሉ ባለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት ማጣራት ነው፤ ባንክ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ፒካፕ ላይ ለይታችሁ የምትጠይቁት ደግሞ ቀረጡን ነው። ብዙ ፒካፖች በኢንቨስትመንት ፈቃድ ወይም በድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። እንዲህ ያለ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል የቀረጥ ነፃ መብት ለሌለው ሰው አይዞርም። ሻጩ የተከፈለበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያሳያችሁ። «በኋላ እንጨርሳለን» ካለ እናንተም ገንዘቡን በኋላ ክፈሉ።

አንድ የተለመደ ነገር ደግሞ አለ። ሻጩ ስም ማዞሪያውን ለማስቀረት «ውክልና ልስጣችሁና ንዱት» ይላል። መኪናው እጃችሁ ላይ ይሆናል፣ በሕግ ግን የሱ ነው። ውክልናውን ሊሽረው ይችላል። ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ያበቃል፣ ከወራሾቹ ጋር ነው የምትጋፈጡት። በምንም ዋጋ ቢሆን እምቢ በሉ።

ገንዘቡን በባንክ ላኩ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ በጎን የሚላክበት ምክንያት ቀንሷል፣ ደረሰኙም ነገ ማስረጃ ይሆናችኋል። ለሻጩ የሚሰጥ ቀብድ ትንሽ ይሁን፣ በጽሑፍም ይሁን። በሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢተወው እጥፉን ይመልሳል፣ የሰጠ ቢተወው ደግሞ ቀብዱን ያጣል። የቀረው ክፍያ በሲፒኦ (ባንክ ገንዘቡን ይዞ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ይዘጋጅና ሰነዶች ማረጋገጫ ውስጥ፣ ውሉ ሲፈረም እጅ በእጅ ይሰጥ። ጥሬ ገንዘብ በማዳበሪያ ይዞ መርካቶ መዞር አያስፈልግም። የደላላውን ኮሚሽን ማን እንደሚከፍልም ከመፈረማችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ከዚያ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የማታውቁት አሮጌ መኪና ግን እንደሌላ መኪና አይነዳም። ከመነሣቱ በፊት ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ይኑር፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ይጫን። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና ቦሎ ሳይኖር ከግቢ አይውጣ። በዚያው ቀን ከወሎ የመጡ የጭነትና የአውቶቡስ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። ሰላም አይደለም ካሉ ይደር። በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ በባቲ ኮምቦልቻ የሚገባ መንገድም አለ፤ ይረዝማል፣ ሙቀቱም ለራዲያተርና ለአሮጌ ጎማ ፈተና ነው። በየትኛውም በኩል ቢሆን በሌሊት አይነዳ።

እስከ ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው፣ መኪናው እዚያ ይታወቃል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ካለፉ በኋላ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያቃጥላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆንበታል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ ነው። ሲወርድ ደብረ ሲና ላይ ይቁም፣ የጎማውን ቸርኬ በእጅ ጀርባ ይሞክር፤ ከአራቱ አንዱ ለብቻው ከጋለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይም ኩሽኔታው ሊሄድ ነው።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ እያለ ቆላውን ይዞ ኮምቦልቻ ይገባል። ቤተሰብ እዚያ ከሆነ ደርሷል። ደሴ ከሆነ ግን የሐረጎ ዳገት ይቀራል። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን በዚያች አጭር መንገድ ከ1,850 ወደ 2,500 ሜትር ትወጣላችሁ። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲነዳ የዋለ መኪና ሐረጎን ሳያርፍ ከወጣ ያፈላል። ኮምቦልቻ ላይ ሻይ ቡና ብሎ አንድ ሰዓት ማሳረፍ፣ ውሃውን ሞተሩ ሲበርድ ማየት፣ ከዚያ የሙቀት መለኪያውን እያዩ መውጣት ነው። ሐረጎን ያለ ችግር የወጣች ፒካፕ ኩታበርንም ትወጣለች።

ደሴ ከገባች በኋላ ሁሉም ሰው ሊጭንባት ይፈልጋል። ፋይሉ ከአዲስ አበባ ወደ ክልሉ ሳይዛወር ሥራ አትጀምር፤ በየኬላው መቆም ያስከትላል። ሌላው ደግሞ የታይሚንግ ቺንጋው ነው፣ ቫልቭና ፒስተን ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርገው ቀበቶ። 3ኤልና 5ኤል በቺንጋ ነው የሚሠሩት፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ በወረቀት የሚያሳይ ሻጭ እምብዛም የለም። ሥራ ላይ እያለች ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ቴስታታ ይወርዳል፣ እናንተም ሌላ ገንዘብ ትልካላችሁ። ገንዘቡን ስትልኩ የቺንጋውን ዋጋና የመካኒኩን እጅ ጨምራችሁ ላኩ፣ በመጀመሪያው ሳምንትም ይቀየር።