ላፕቶፑ አስቸገረኝ፣ ታብሌት ልግዛ? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ላፕቶፕ ሲያስቸግር ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ነው። «ይሄን ሸጬ አዲስ ታብሌት ብገዛስ?» ታብሌት አይከብድም። ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋም ይቆያል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ተሳስቶ መግዛት ኪስ ይጎዳል።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ችግሩ ምን እንደሆነ እንለይ። መጀመሪያ ሰውን ወደ ታብሌት የሚገፉትን የላፕቶፕ ችግሮች እናያለን። ብዙዎቹ ታብሌት ሳይገዛ የሚስተካከሉ ናቸው። ከዚያ ታብሌቱ ከተገዛ በኋላ የሚመጡትን እናያለን። እነሱ ትንሽ ይብሳሉ።

ላፕቶፑ እስኪከፈት ቡና ይፈላል

ምልክቱ፦ ስታበሩት ደቂቃዎች ይፈጃል። ወርድ ስትከፍቱ ነጭ ሆኖ ይቆማል። ክሮም ላይ ሁለት ሦስት ገጽ ከተከፈተ ጭራሽ አይነቃነቅም።

ምክንያቱ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ ስላለው ለዛሬ ፕሮግራሞች አይደርስም። ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ነክታችሁ ዲስክ የሚለውን እዩ። ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ ማለት ነው) የሚል ከሆነና ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ ከቀረ ነገሩ አለቀ። ዲስኩ ደህና ሆኖ ሜሞሪ የሚለው 90 ካለፈ ደግሞ ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ሜሞሪ፣ አንሷል።

መፍትሄው፦ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ ማስገባት። ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ ኤስኤስዲ የድሮው ዲስክ ቦታ ላይ ልክ ይገባል። ፋይሎቻችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም። የኋላው ክዳን ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታሉ። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ዲስኩ በስስ የብረት ማቀፊያ ተይዞ ታገኙታላችሁ። ማቀፊያው ወደ አዲሱ ኤስኤስዲ መዛወር አለበት። ይህችን የሚረሱ ሠራተኞች አሉ። ከዚያ ኤስኤስዲው ላፕቶፑ ውስጥ እየተንገዋለለ ይላቀቅና «ዲስክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሲሠራላችሁ ቆማችሁ እዩ፤ ማንም አይቆጣም። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 አሳድጉት። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ አረጋግጡ።

እኔን ብትጠይቁኝ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከኤስኤስዲ የበለጠ መድኃኒት የለም። ወጪው ከደህና ታብሌት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው፤ ከጥቂቶች በስተቀር። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። አይ 5-7200 የሚል 7ኛ ነው። አይ 5-8250 የሚል 8ኛ ነው። የአንድ ቁጥር ልዩነት ብዙ ዓመት ያስኬዳል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑም አብሮ ይሄዳል

ምልክቱ፦ ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ድርግም ይላል። ወይም 60 ፐርሰንት ያሳይና በድንገት ይጠፋል።

ምክንያቱ፦ ባትሪው አርጅቷል። የሊቲየም ባትሪ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ የሚያውቅ ሰው ያውጣላችሁ። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው፣ ሌላው አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ሁለተኛው ከግማሽ በታች ከወረደ ባትሪው የይስሙላ ነው።

መፍትሄው፦ ባትሪውን መቀየር። ላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነ ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚል ባለ 45 ወይም ባለ 65 ዋት ፓወር ባንክም ይረዳል። ተራ የስልክ ፓወር ባንክ ለላፕቶፕ አይበቃም።

እዚህ ላይ ግን ታብሌቱ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። ሒሳቡን እንየው። 20,000 ሚሊአምፒር የተጻፈበት ፓወር ባንክ በወረቀት 74 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በመሀል የሚባክነው ተቀንሶ 50 አካባቢ ይደርሳችኋል እንበል። ላፕቶፕ ለቀላል ሥራ 15 ዋት ገደማ ቢጠቀም ሦስት ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። ታብሌት ስክሪኑ በርቶ 5 ዋት ገደማ ቢጠቀም አሥር ሰዓት ይሄዳል። የራሱ ባትሪ ሳይቆጠር ነው ይሄ። መብራት ጠዋት ሄዶ ማታ በሚመለስበት ሰፈር አሥር ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የምትሠሩት ሥራ ማንበብ ከሆነ፣ በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ሃንድአውት፣ የተቀዳ ትምህርት፣ ማስታወሻ መያዝ ከሆነ፣ ታብሌቱን ግዙ። ባለ 10 ኢንቹ ላይ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ሳይጎትቱ በሙሉ ይነበባል። በስልክ ያነበበ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ዋይፋይ ያላችሁ ደግሞ መብራት ሲሄድ ራውተሩም እንደሚጠፋ አትርሱ። ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ፣ ለዚህ ይሆናል፤ የራውተራችሁን ቻርጀር ቮልት አይታችሁ ግዙ። መብራት ሲመለስም ዕቃውን ወዲያው አትሰኩ። መጀመሪያ አምፖሉ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያቁም።

የላፕቶፑ መዳፊት ቦታ ካበጠ ወይም አልጫን ካለ ግን ባትሪው አብጧል። ያን ቀን አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትብሱት፣ አትጫኑት። ይህ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ፓኬጁ በአንድ ማታ አለቀ

ምልክቱ፦ ከስልክ ሆትስፖት ላፕቶፑን አገናኝታችሁ ኢሜይል ብቻ አያችሁ። ጠዋት ፓኬጁ የለም።

ምክንያቱ፦ ላፕቶፑ ሆትስፖቱን ገደብ እንደሌለው ዋይፋይ ይቆጥረዋል። ዊንዶውስ አፕዴት ከኋላ ሆኖ ሲያወርድ ያድራል።

መፍትሄው፦ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሜተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የተገደበ ነው ማለት ነው) የሚለውን አብሩ። ይኸው ነው። ለዚህ ብሎ ታብሌት የሚገዛ ሰው አይቻለሁ፤ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ታብሌቱ፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልጫን አለ

ብሎካችን ውስጥ በማታ አካውንቲንግ የምትማር ጎረቤት አለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ጋሼ፣ ታብሌት ብገዛ ፒችትሪ ይሠራልኛል?» አለችኝ። «አይሠራም እህቴ» አልኳት። «ባለሱቁ ግን ሁሉንም ይሠራል ብሎኛል» አለች። ባለሱቁ ምን ይበል!

ምልክቱ፦ ከፍላሽ የገለበጣችሁት የመጫኛ ፋይል ታብሌቱ ላይ አይከፈትም። ወይም ፕሌይ ስቶር ላይ በስሙ ስትፈልጉ ሌላ ነገር ይመጣል።

ምክንያቱ፦ ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሕንፃ ስሌት የሚሠሩበት ኢታብስም እንዲሁ። አብዛኞቹ ታብሌቶች ግን የሚሠሩት በአንድሮይድ ወይም በአይፓድ ሲስተም ነው። ኪቦርድና ማውስ ቢገጠምላቸውም ሲስተማቸው አይቀየርም። የሳምሰንግ ዴክስ ስክሪኑን ኮምፒውተር ያስመስለዋል እንጂ ዊንዶውስ አያደርገውም። አውቶካድ የታብሌት አፕ አለው። እሱ ግን ሥዕል ለማየትና ለትንንሽ እርማት ነው እንጂ ሙሉ ፕላን የሚወጣበት አይደለም። በመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና በ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» የአንድሮይድ ኮርስ የጀመራችሁም ብትሆኑ አፕ መሥሪያው አንድሮይድ ስቱዲዮ ታብሌት ላይ አይጫንም። ላፕቶፕ ላይ ራሱ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይላል።

መፍትሄው፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታብሌቱ ላይ መፍትሄ የለም። «ከርቀት ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል» የሚሏችሁ አሉ። ይገናኛል። ግን ያ ኮምፒውተር መብራት አግኝቶ በርቶ መቆየት አለበት፣ ኔትወርኩም በሁለቱም ጫፍ መኖር አለበት። እዚህ ዳር ሰፈር ሁለቱ ባንድ ላይ የሚገኙት በዕድል ነው። ዊንዶውስ ያለባቸው ታብሌቶችም አሉ፣ ዋጋቸው ግን የላፕቶፕ ነው። ስለዚህ ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃና ሥራችሁ እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ከፈለገ፣ ያገለገለ ባለ 8ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ግዙ። ጎረቤቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የአማርኛው ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነ

ምልክቱ፦ ከቢሮ የተላከ ደብዳቤ ታብሌቱ ላይ ሲከፈት አማርኛው የለም። በምትኩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሯል።

ምክንያቱ፦ ጽሑፉ የተጻፈው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። እነሱ የአማርኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይመስላል፣ ሌላ ቦታ ግን ጉዱ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቦታ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ግን በድሮው ፎንት የሚጽፉ ቢሮዎች አሉ፤ ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም።

መፍትሄው፦ ላኪው ፒዲኤፍ አድርጎ ይላክላችሁ። ለማንበብ ይበቃል። ለማረም ከፈለጋችሁ ግን ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ። የብሉቱዝ ኪቦርድ ስትገጥሙ እንግሊዝኛ ይጽፋል፣ አማርኛ ሲሆን እምቢ ይላል። የስክሪኑ ኪቦርድ ላይ ያለው አማርኛ ለውጭው ኪቦርድ ስለማይሠራ ነው። ታብሌቱ አንድሮይድ ከሆነ ኪይማን የሚባለውን አፕ አውርዳችሁ የአማርኛ ኪቦርዱን ጫኑበት። በነፃ ነው።

ወርድ ያነባል እንጂ አያርምም

ምልክቱ፦ ፋይሉ ይከፈታል፣ ለማረም ስትነኩት ክፈሉ ይላል።

ምክንያቱ፦ ማይክሮሶፍት የሞባይል ወርድና ኤክሴልን በነፃ ለማረም የሚፈቅደው ስክሪናቸው እስከ 10.1 ኢንች ለሆኑ ዕቃዎች ነው። 11 ኢንች የገዛ ሰው ትልቅ ስክሪን አገኘሁ ብሎ ሲደሰት የወርሃዊ ክፍያ ይጠብቀዋል።

መፍትሄው፦ ጉግል ዶክስ ወይም ደብሊውፒኤስ። ለደብዳቤና ለአሳይመንት ይሆናሉ። ማውጫና የግርጌ ማስታወሻ ያለበትን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን በታብሌት አልመክርም። ጽፋችሁ ትጨርሱ ይሆናል፤ ማስተካከሉ ነው የሚገድለው።

ፍላሹን አያነብም

ፍላሹ ላፕቶፕ ላይ ፎርማት የተደረገው በኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ብዙ አንድሮይድ ታብሌቶች አይቀበሉትም። ፋይሉን ገልብጣችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። ፋት 32ም ይሆናል፣ ግን ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይይዝም።

ለልጁ ትምህርት ተገዝቶ የዩቲዩብ ሆነ

ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፋሚሊ ሊንክ የሚለውን አፕ በራሳችሁ ስልክ ላይ ጫኑ፣ የልጁን አካውንት አያይዙት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያይ ወስኑ። መጽሐፎቹን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስገቡለት። ያኔ ኢንተርኔት ሳይከፈት ያነባል።

ካርቶኑ ላይ 12 ጊጋ ራም፣ ሥራው ላይ ኤሊ

ምልክቱ፦ በርካሽ የተገዛ፣ ስሙ ያልታወቀ ታብሌት። ቁጥሮቹ ያስጎመጃሉ። ሁለት አፕ ሲከፈት ይቆማል።

ምክንያቱ፦ አንዳንዶቹ 4 ጊጋ ራም ላይ ከማከማቻው ተበድረው 8 ይጨምሩና 12 ብለው ይጽፋሉ። የተበደሩት እንደ እውነተኛው ራም አይፈጥንም። ሌሎቹ ከዚህም ይብሳሉ፤ ሴቲንግ ውስጥ የሚታየውን ቁጥር ራሱን አስተካክለው ነው የሚሸጡት።

መፍትሄው፦ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሲፒዩ-ዚ ወይም ዴቭቼክ የሚባለውን አፕ አውርዳችሁ ፕሮሰሰሩንና ራሙን እዩ። የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፣ ዳታ ክፈቱ። ብዙዎቹ ሲም የሌላቸው የዋይፋይ ብቻ ናቸውና። ትልልቅ ፊልሞች ያሉበትን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ገልብጡና ከመጨረሻው ፊልም መሀል ክፈቱ። ማከማቻው የውሸት ከሆነ ፊልሙ አይከፈትም። ሻጩ «ካርቶኑ ከተከፈተ አልመልስም» ካለ ደግሞ ሳይከፈት አትክፈሉ።