641ን ያገኘሁበት መንገድ

ጅማ ለማስተምራቸው ልጆች 4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር (1 እና ራሱ የሆኑ ሁለት አካፋዮች ብቻ ያሉት) መሆን አለመሆኑን የሚለይ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ቁጥሩ 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲጨመርበት የሚገኘው ነው፤ ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፈርማ ብቸኛ ነው ብሎ አምኖ ነበር።

ፕሮግራሙ «ብቸኛ አይደለም» አለኝ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አካፋይ አላሳየም፤ ይህ እረፍት ነሳኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ቡናዬም በሲኒው እንደቀዘቀዘ፣ ቁጥሩን መልሼ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ስክሪኑ ላይ አንዲት 1 ብቻ ወጣች!

ለካ የመረጥኩት የቁጥር ዓይነት 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዙ 32 ቦታዎች) ነው፤ ከ4,294,967,295 በላይ አይዝም፤ ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። 1 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር አይደለም። በተሳሳተ ምክንያት የተገኘ ትክክለኛ መልስ ከስህተት ይልቅ ያስፈራኛል።

ወደ 64 ቢት ቀየርኩት። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን ስላለበት ፍለጋውንም እንዲህ ወዳሉት ብቸኛ ቁጥሮች አጠበብኩ፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577 አላካፈሉትም። አምስተኛው 641 ያለ ቀሪ አካፈለው፤ ድርሻውም 6,700,417 ሆነ። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር በ1732 ያለ ኮምፒውተር የደረሰበት ይኸው ነው።

6,700,417ንም እስከ 2,588 ባሉት እንዲህ ዓይነት ቁጥሮች ፈተንኩት፤ አንዱም አላካፈለውም፤ እርሱ ብቸኛ ነው።