ብሬከሩ ጋ የበሰበሰ እንቁላል ሲሸት

በኤስ ኤፍ ሲክስ (ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ) ጋዝ የሚሠራ ብሬከር፣ ማለትም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር መቁረጫ፣ ያለበት ክፍል ገብታችሁ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ፣ መጀመሪያ ውጡ። ምርመራው ይደርሳል።

ንጹሑ ጋዝ ሽታ የለውም፣ መርዝም አይደለም። የሸተታችሁ ከእሱ የተወለደው ነው። ብሬከሩ ሲቆርጥ የሚነሳው አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ጋዙን ይሰባብረዋል። አብዛኛው ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል። ትንሹ ግን ከእርጥበትና ከብረት ትነት ጋር ተዋህዶ ቲዮኒል ፍሎራይድ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሆናል። ሸተተ ማለት እነዚህ ወጥተዋል ማለት ነው። ክፍሉን አናፍሱ፣ ኦክሲጅንና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለኩ፣ ከዚያ ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጉ።

ሽታ ሳይኖር የኬብል ቦይ ውስጥ የገባ ሰው ራሱን ካዞረውስ? ጋዙ ከአየር 5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛና ኦክሲጅኑን ይገፋዋል። ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ለማዳን ዘላችሁ አትግቡ። ሁለተኛ ተጎጂ ትሆናላችሁ።

ሽታም ማፍሰስም የለም፣ ከመሣሪያው ውስጥ የተወሰደው የጋዝ ናሙና ግን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አሳየ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥያቄው «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከየትኛው የመሣሪያው ክፍል ነው?» ነው። በቅርቡ ከባድ ፎልት (የአጭር ዙር ብልሽት) የቆረጠ ብሬከር ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ ውስጡ ያለው ሞሊኩላር ሲቭ (እርጥበትንና እነዚህን ጋዞች የሚመጥ ማጣሪያ) ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ከቀናት በኋላ ድገሙት፣ መውረድ አለበት። ካልወረደ መምጠጫው ጠግቧል ወይም እርጥበት ገብቷል። ምንም የማይቆርጥ የባስባር (ኃይል የሚያከፋፍለው ወፍራም ኮንዳክተር) ክፍል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የላላና የጋለ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ወይም ፓርሻል ዲስቻርጅ (በኢንሱሌሽኑ ውስጥ ያለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ) አለ ማለት ነው። ጋዙን ቀይሮ ማለፍ ምልክቱን ማጥፋት እንጂ ጥገና አይደለም። የፓርሻል ዲስቻርጅና የግንኙነት መቋቋም ልኬት አድርጉ።

መሣሪያውን ስትከፍቱ ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ካገኛችሁ አቧራ እንዳይመስላችሁ። በአብዛኛው የብረት ፍሎራይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይወጣዋል። ከመክፈታችሁ በፊት ጋዙን በማሽን ሰብስቡ እንጂ ወደ አየር አትልቀቁት። ከከፈታችሁም በኋላ አናፍሱና ጥቂት ጠብቁ። በአየር መንፋትና በመጥረጊያ መጥረግ ክልክል ነው። ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ባለው ቫኪዩም ሳቡት። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ማስክ፣ አሲድ የማያሳልፍ ጓንትና የሚጣል ቱታ ልበሱ። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅና መሣሪያ በሶዲየም ካርቦኔት ውሃ እጠቡ። አሮጌውን ሞሊኩላር ሲቭ ደግሞ በታሸገ ዕቃ ለአደገኛ ቆሻሻ አስረክቡ።

ቆዳ ከነካ በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ቀቡና ሐኪም ጋ ሂዱ። የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ቃጠሎ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል «አላመመኝም» ብላችሁ አትቀመጡ።