ብርሃንን ወደ ምንጩ የሚመልስ አንጸባራቂ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሌሊት መንገድ ዳር የሚሄድን ሰው ሾፌር ቀድሞ የሚያየው በሰደርያው አንጸባራቂ ነው። እሱ ካልሠራ የሰው ሕይወት ያልፋል። ስለዚህ ንድፉም ፍተሻውም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ማዕዘኑን ፍጹም ማድረግ። የአንጸባራቂው ሦስት ገጾች እንደ ሣጥን ጥግ በትክክል በ90 ዲግሪ ከተገናኙ፣ ብርሃኑ ሦስቱንም ነክቶ በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ጀማሪዎች ይህን ፍጹም ለማድረግ ብዙ ይደክማሉ። ግን እንዲያ ከሆነ ብርሃኑ ተመልሶ የሚገባው መኪናው መብራት ውስጥ ነው። የሾፌሩ ዓይን ያለው ከመብራቱ በላይ ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ በ100 ሜትር ርቀት ልዩነቱ 0.34 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በጭነት መኪና ደግሞ ይሰፋል። ስለዚህ የሚመለሰው ብርሃን ሾፌሩ ዓይን ጋ እንዲደርስ ማዕዘኑን አውቆ በጥቂቱ ማዛባት ያስፈልጋል። ከልክ ካለፈ ብርሃኑ ተበትኖ ይደክማል።

ህዋ ላይም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የመጠቀችው ላጂኦስ ሳተላይት 426 አንጸባራቂዎች አሏት። እየበረረች ስለሆነ የሚመለሰው ሌዘር ከምድር ከተኮሰው ጣቢያ ትንሽ ይስታል። ያንን ለማካካስ የማዕዘኖቹ ልክ ከ90 ዲግሪ በጥቂቱ እንዲለይ ተደርጓል። ልዩነቱ ከዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ብዙም አይበልጥም።

በእጅ ባትሪ መፈተሽ። ባትሪውን ወገባችሁ ላይ ይዛችሁ በ5 ሜትር ብታበሩ፣ በዓይናችሁና በባትሪው መካከል ወደ 7 ዲግሪ ይመጣል። ጥሩው አንጸባራቂም የሞተ ይመስላል። ስልክ ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል፤ ፍላሹ ከካሜራው ጋር ስለተጠጋ ሁሉም ነገር ቦግ ይላል። በላብራቶሪ ከተለመዱት መለኪያዎች አንዱ 0.2 ዲግሪ ነው። በ15 ሜትር ርቀት በመብራቱና በመለኪያው መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ፊት ለፊት ብቻ መለካት። እግረኛ ይዞራል፣ ያጎነብሳል። እስከ 30 ዲግሪ አዘንብላችሁም ለኩ።

የፕሪዝሙን ጀርባ ሙጫ መቀባት። ጀርባው ያልተለበጠ ፕሪዝም (ገጾቹ በማዕዘን የተቆረጡ ብርሃን አሳላፊ መስታወት ወይም ፕላስቲክ) ብርሃኑን የሚመልሰው ከኋላው አየር ስላለ ነው። ሙጫ ወይም ውሃ ከነካው ብርሃኑ በዚያ በኩል ያመልጣል። የአየር ክፍተቱን ጠብቃችሁ ዙሪያውን አሽጉ።

በደረቁ ብቻ መፈተሽ። ብዙ ሰደርያዎች ላይ ያሉት ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ብርሃኑን ጀርባቸው ላይ እንዲሰበስቡ የተሠሩት ፊታቸው አየር ሲነካ ነው። ዝናብ ሲሸፍናቸው ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ቦታ ከእንክብሉ ያልፋል፤ ድምቀቱም ክፉኛ ይወርዳል። ለክረምት የሚሆን ልብስ ከሆነ ውሃ እያፈሰሳችሁ ለኩ።

ደማቅ ቢጫውን ማመን። ቀን ዓይን የሚስበው ጨርቅ ድምቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ ሾፌሩ አይመልስም። ለሌሊቱ ብርማዋ ጭረት የግድ ታስፈልጋለች፤ ደረት ላይም ጀርባ ላይም።