«ታዲያ ምን ይሁን?» የሚለውን አስተያየት እንዴት እንደተገላገልኩት

የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለተኛ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። የአማካሪዬ አስተያየት ሁሌም ያው ነው፦ «ታዲያ ምን ይሁን?» እኔ ግን ችግሩ የእንግሊዝኛዬ ሰዋስው መስሎኝ አርቲክልና ፕሪፖዚሽን ስለቅም ሁለት ሳምንት ፈጀሁ።

መላው የተገኘው ለእያንዳንዱ አንቀጽ «ይህ ምን ይላል?» ብዬ መልሱን በገጹ ጠርዝ ላይ በአንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው። መልሱ ሁልጊዜ የአንቀጹ መጨረሻ መስመር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ በአማርኛ ግሱን መጨረሻ እንደምናመጣው ሁሉ፣ ነጥቤንም እስከ መጨረሻ ይዤው እቆይ ኖሯል! የእንግሊዝኛ ጥናት አንባቢ ደግሞ ነጥቡን ከፊት ይፈልጋል።

አንዱ አንቀጽ «እገሌ በ2015 እንዲህ አለ፤ እገሊት በ2018 እንዲህ አለች» እያለ ስድስት መስመር ከሄደ በኋላ «ስለዚህ ውጤቱ የተለያየው በአለካኩ ነው» ብሎ ያልቃል። ይህችን ቆርጬ አናቱ ላይ ለጠፍኳት። ጥናቶቹንም በዓመት ቅደም ተከተል መደርደሩን ትቼ በአለካካቸው መደብኳቸው። ሁለት አንቀጾች ምንም ስለማይሉ ወጡ (አንዱን በጣም እወደው ነበር)።

ለመግቢያው የአካዳሚክ ጽሑፍ ተመራማሪው ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ባለ ሦስት እርምጃ ሞዴል በቃኝ፦ መስኩን አሳይ፣ ክፍተቱን ጠቁም፣ በምን እንደምትሞላው ተናገር። የእኔ ክፍተት ስድስተኛው ገጽ ላይ ተደብቆ ነበር፤ ወደ ሁለተኛው አመጣሁት።

አራተኛው ረቂቅ ሲመለስ «ታዲያ ምን ይሁን?» የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እሱም የሠንጠረዥ ርዕስ ላይ።