የዋልረስን የዘር ሐረግ በሰሌዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ

ወሎ ውስጥ ልጅ ዘሩን ሰባት ቤት እየቆጠረ ያድጋል። ደሴም ሆነ ወልድያ ባዮሎጂ ለሚያስተምር ሰው ይህ ልማድ ግማሹን ሥራ ያቀልለታል፤ ግማሹን ያበላሽበታል።

ከካርቶን 5 ካርዶች ይቁረጡና ፕሮኒዮቴሪየም፣ ኢማጎታሪያ፣ ጎምፎታሪያ፣ ቫሌኒክተስ፣ ኦዶቤነስ ብለው ይጻፉ። የመጨረሻው ዛሬ በሕይወት ያለው ዋልረስ፣ በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር ባለ ረጅም ጥርስ አጥቢ እንስሳ ነው፤ አራቱ በቅሪተ አካል ብቻ የሚታወቁ የጠፉ ዘመዶቹ ናቸው። ሲባጎና ፕላስተር ያዘጋጁ። የጠመኔ ብናኝ ላይ ፕላስተር አይይዝም፤ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት።

1 ሜትር ቁልቁል ያስምሩ። 5 ሳንቲሜትር 1 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ላዩ ዛሬ ነው። ኦዶቤነስ ጫፉ ላይ፣ ቫሌኒክተስ ከላይ 15 ሳንቲሜትር ላይ፣ ጎምፎታሪያ 35 ገደማ፣ ኢማጎታሪያ 55፣ ፕሮኒዮቴሪየም 80 ላይ ይውላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲባጎው ላይ ነው። ተማሪው «እከሌ እከሌን ወለደ» ማለት ስለለመደ አምስቱን ካርዶች እንደ አባትና ልጅ ያያይዛቸዋል። ቅሪተ አካል ግን የአጎት ልጅ እንጂ አባት ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ግንዱ፣ ማለትም ያሰመሩት መስመር ላይ ምንም ካርድ አይለጠፍ፤ እያንዳንዱ ካርድ በጎን ከወጣ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይሁን። መገንጠያው ሁልጊዜ ከካርዱ ዝቅ ይላል፤ ዘመዳሞች የተለያዩት ካርዱ ላይ ያለው እንስሳ ከመኖሩ በፊት ነውና። የጎምፎታሪያ ቅርንጫፍ ከ45 ምልክት ወደ ታች፣ ኦዶቤነስና ቫሌኒክተስ የሚለያዩበት ደግሞ ከ15 ምልክት ወደ ታች ይነሣ። መገንጠያውን ካርዱ አጠገብ ያደረገ ሰው ሐረጉን በሙሉ ያዛባል።

ቀጥሎ ረጅም ጥርስ ላላቸው ካርዶች ቀይ ነጥብ ያድርጉ። ላይኞቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ጎምፎታሪያ ከላይም ከታችም ነበረው፤ ቫሌኒክተስ ከላይ ካሉት ሁለቱ በቀር ጥርስ አልነበረውም። ዛሬ ያለው ዋልረስም የባሕር ቀንድ አውጣ ሥጋን በምላሱ መጥጦ ስለሚያወጣ ቅርፊቱን በመንጋጋ መፍጨት አያስፈልገውም። በረጅም ጥርስ ብቻ የሚመድብ ሰው ፕሮኒዮቴሪየምንና ኢማጎታሪያን ከቤተሰቡ ያባርራል፤ እነሱን ያስገባቸው የራስ ቅላቸው አሠራር ነው። በዚያው ስሕተት ዋልረስን ከዝሆን ጋር የሚያዛምድም አለ። የዝሆን ጥርስ የፊት ጥርስ ነው፤ የዋልረስ ክራንቻ ነው። የሰፈር ውሻ አፍ ሲከፍት የሚታየው ክራንቻ ከዋልረሱ ጋር አንድ ነው፤ ውሻውም ቢሆን ከዝሆን ይልቅ ይቀርበዋል።

የዋልረስ ዘመዶች የሆኑትን የባሕር አጥቢዎች፣ አቆስጣና የባሕር አንበሳን ከፈለጉ ከግንዱ ሥር፣ ከፕሮኒዮቴሪየም መገንጠያ በታች ይጀምሩላቸው። የአትላንቲክና የፓሲፊክ ዋልረሶች የአንድ ዝርያ ንዑሳን ስለሆኑ ሌላ ካርድ አይቁረጡላቸው፤ ኦዶቤነስ ሥር ሁለቱንም ይጻፉ።