በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ በርሜል ሲመርጡ የሚሠሩ ስህተቶች

በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ማለትም ባሩዱና ጥይቱ ከፊት በአፉ የሚገባበትን፣ ራሱ ሊሠራ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በርሜሉ ስንት ኢንች ይሁን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ደህና ነው። ችግሩ መልሱን የሚፈልግበት ቦታ ነው።

«በረዘመ ቁጥር ይበረታል» ማለት። ከ30 ኢንች በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኢንች የሚያመጣው ፍጥነት ጥቂት ነው። የረጅም በርሜል ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ስለሚራራቁ ትንሿ የማነጣጠር ስህተት ዒላማው ላይ ብዙም አትጎላም። ዕድሜው ለገፋ ዓይንም የፊተኛው ማነጣጠሪያ ራቅ ሲል ይጠራል።

ክብደቱን ረስቶ ርዝመቱን ብቻ ማየት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሰው ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ፣ ባለ ስምንት ማዕዘን በርሜል 44 ኢንች አድርጎ ያዛል። ወራት ሙሉ እንጨት ይጠርባል፣ ነሐስ ይወለውላል። ሠርቶ ጨርሶ ትከሻው ላይ ሲያነሳው አፈሙዙ መሬት መሬት ይላል። አንዱን አውቃለሁ፤ ሥራው ዓይን ይማርካል፣ ግን ቆሞ ጥቂት እንደተኮሰ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሁን ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኧረ ተዉ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ! የአሜሪካዋ ፔንሲልቫኒያ የድሮ ረጅም ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ከ42 እስከ 46 ኢንች በርሜል አላቸው። እጅ ላይ የማይከብዱት በርሜላቸው ከኋላ ወፍሮ፣ ወደ ፊት እየቀጠነ ሄዶ፣ አፈሙዙ ጋ መልሶ ትንሽ ስለሚሰፋ ነው። ረጅም ከፈለጋችሁ እንዲህ ያለውን ግዙ። ደግሞም የውጭ ውፍረታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት በርሜሎች ቀዳዳው የጠበበው ነው የሚከብደው፤ ብረቱ ይበዛላ። ጀማሪ ሁሉ ተቃራኒውን ይጠብቃል።

«ከረዘመብኝ እቆርጠዋለሁ።» እኩል ውፍረት ያለውን ከአፈሙዙ በኩል መቁረጥ ይቻላል፤ ግን የቀዳዳው አፍ እንደገና በትክክል ካልተስተካከለ ጥይቱ መንገድ ይስታል። እየቀጠነ የሚሄደውን ግን አትንኩት። ከፊት ብትቆርጡት ቅርጹ ይጠፋል። ከኋላ ብትቆርጡት ደግሞ የባሩዱን ግፊት የሚችለውን ወፍራሙን ብረት ነው የምትጥሉት። ይሄ አደጋ ነው።

ርዝመቱን ከጠመንጃው ዓይነት መነጠል። ዬገር የሚባለው የጀርመኖቹ የአደን ጠመንጃ በርሜሉ 30 ኢንች አካባቢ ነው። በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ይሠሩ የነበሩት የሆከን ወንድማማቾች ጠመንጃም ፈረስ ላይ ይያዝ ስለነበር ከፔንሲልቫኒያው ያጥራል። በዬገር ሰደፍ ላይ 44 ኢንች በርሜል ብትጭኑ ያየው ሁሉ ግራ ይገባዋል።

ቁመትን መርሳት። ባለ 44 ኢንች በርሜል ጠመንጃ ሲያልቅ 1.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ልክ አንድ ዱላ ቁረጡና ፊታችሁ አቁሙት። ጫፉ አገጫችሁ ጋ ከደረሰ አጠር ያለ በርሜል ምረጡ፤ ስታጎርሱ ፊታችሁ አፈሙዙ ላይ ማንዣበብ የለበትም።

እንጨቱን ሳይለኩ በርሜል ማዘዝ። እንጨቱ እስከ አፈሙዙ የሚደርስ ከሆነ በርሜሉ በረዘመ ቁጥር እንጨቱም፣ መጠቅጠቂያ ዘንጉም፣ የዘንጉን ቀዳዳ የምትበሱበት መሰርሰሪያም አብረው ይረዝማሉ። ረጅም መሰርሰሪያ ደግሞ እንጨት ውስጥ መጣመም ይወዳል።